የሲሊኮን ክፍተትና የሀብሩ ፀሐይ

ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ የዋናው መስመር ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ወይም ደርሶም በሚቆራረጥባቸው መንደሮች፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ የተጋደመው የሶላር ሰሌዳ ለዓይን እንግዳ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሰሌዳው የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ነዳጅ አይጠጣም፤ ድምፅ አያሰማም። ሆኖም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ከጀርባው በወጡት ሁለት ሽቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ባትሪ ይሞላል፤ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፤ ማታም ቀድሞ በኩራዝ ጭስ ይታፈን በነበረው ቤት ውስጥ መብራት ይበራል። ብርሃን በምን መንገድ ኤሌክትሪክ እንደሚሆን የሚያስረዳው ዕውቀት ያረፈው ሲሊኮን የተባለው ንጥረ ነገር ለኤሌክትሮኖቹ በሚፈቅደውና በሚከለክለው የኢነርጂ መጠን ላይ ነው። ይህን የተረዳ አንባቢ፣ ሰሌዳው በቀትር ሙቀት ለምን እንደሚደክም፣ ጣሪያ ላይ እንዴት መታሰር እንዳለበት፣ ሲገዛም ከጀርባው ምን መነበብ እንዳለበት ራሱ ማመዛዘን ይችላል።

የጉዳዩን ክብደት የሰሜን ወሎ ነዋሪ በገዛ ኑሮው አይቶታል። ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሚገኘው ከውሃ ኃይል ስለሆነ፣ ወልድያና መርሳ የሚደርሰው ኃይል ከሩቅ ግድቦች ተነሥቶ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች መስመር ተጉዞ የሚመጣ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያንና አካባቢዋን ይዞ በቆየባቸው ወራት ኤሌክትሪክም ስልክም በተቋረጠ ጊዜ፣ ከዚያ ረጅም መስመር የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚተርፈው ብርሃን እዚያው ጣሪያ ላይ የሚመነጨው ብቻ ነው፤ የሶላር ሰሌዳ ከቅንጦት ዕቃ ተራ ወጥቶ ከቤት መሠረታዊ ንብረት ጋር የሚቆጠረውም ስለዚህ ነው።

ቁሶች ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ረገድ ያላቸው ልዩነት በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታዩት ልዩነቶች ሁሉ እጅግ ሰፊው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መዳብና መስታወት ቢነጻጸሩ የመዳብ የማስተላለፍ ችሎታ የመስታወቱን 1 ከኋላው 18 ዜሮዎች በተጻፉለት ቁጥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። መዳብን የመሰሉት አስተላላፊ፣ መስታወትን የመሰሉት ደግሞ ኢ-አስተላላፊ ሲባሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚገኙት ሲሊኮንና ጀርማኒየምን የመሰሉ ቁሶች ከፊል አስተላላፊ ወይም ሴሚኮንዳክተር ይባላሉ። ልዩነቱ ከኤሌክትሮን ብዛት የመጣ አይደለም፤ መስታወትም እንደ መዳብ በኤሌክትሮን የተሞላ ነውና። ታዲያ ያ ሁሉ ኤሌክትሮን በመስታወት ውስጥ ታስሮ ሲቀር በመዳብ ውስጥ እንደ ልቡ የሚፈሰው ስለምን እንደሆነ የፊዚክስ ሊቃውንት አጥጋቢ መልስ ያገኙት የኳንተም ፊዚክስ ከተወለደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከአንድ አተም ነው። በአንድ አተም ውስጥ የሚገኝ ኤሌክትሮን ያሻውን ያህል ኢነርጂ ሊይዝ አይችልም፤ የተፈቀዱለት የተወሰኑ ደረጃዎች አሉ፤ በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ባለው ስፍራ ሊቆም አይችልም። በአንድ ደረጃ ላይ ሊገኙ የሚችሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥርም ውስን ነው። የሲሊኮን አተም 14 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት አሥሩ ከማዕከሉ ቀርበው በጥብቅ የተያዙ ናቸው፤ ከሌሎች አተሞች ጋር የሚያያይዙት የውጪዎቹ አራቱ ብቻ ናቸው። ይህ አተም ብቻውን ሲሆን ደረጃዎቹ ጥርት ብለው የተለያዩ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ ክሪስታል ሲሠራ፣ የአንዱ አተም ኤሌክትሮን የሌላውን ስለሚነካ እያንዳንዱ ደረጃ እንደ አተሞቹ ቁጥር ይከፋፈላል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሊኮን ውስጥ ያሉት አተሞች 5 ቁጥር ከኋላዋ 22 ዜሮዎች አስከትላ የምትጻፈውን ያህል ስለሆኑ፣ የተከፋፈሉት ደረጃዎች እርስ በርስ ከመቀራረባቸው የተነሣ አንድ ወጥ ሰፊ ቀበቶ ይመስላሉ። ይህ የተፈቀዱ ኢነርጂዎች ቀበቶ የኢነርጂ ባንድ ይባላል። በሁለት ባንዶች መካከል ደግሞ ማንኛውም ኤሌክትሮን ሊቆምበት የማይፈቀድ ስፍራ ይቀራል፤ የባንድ ክፍተት የሚባለው እርሱ ነው። ኤሌክትሮን ሥርዓት ባለው የአተሞች ድርድር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በሒሳብ ያሳየው የስዊዘርላንድ ተወላጁ ፊሊክስ ብሎክ ሲሆን ሥራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

በሲሊኮን ውስጥ የውጪዎቹ አራት አራት ኤሌክትሮኖች ቫለንስ ባንድ የተባለውን የታችኛውን ባንድ ጥንቅቅ አድርገው ይሞሉታል፤ ከክፍተቱ በላይ ያለው ኮንዳክሽን ባንድ ደግሞ ባዶ ነው ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ግምት ጋር የሚጋጭ ነገር አለ፦ ሙሉ በሙሉ የሞላ ባንድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኤሌክትሮን በባትሪ ግፊት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ኢነርጂውን በጥቂቱ መጨመር አለበት፤ ለመጨመር ደግሞ ከእርሱ ከፍ ያለ ክፍት ደረጃ ሊያገኝ ይገባል፤ በሞላ ባንድ ውስጥ ግን ክፍት ደረጃ የለም። ነገሩ ከወልድያ መናኸሪያ ለመነሣት ከተዘጋጀ፣ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ መተላለፊያው ባዶ ከሆነ አውቶቡስ ጋር ይመሳሰላል፤ ተቀምጦ ሳለ ቦታ ሊቀይር የሚችል ሰው የለም። አንድ ተሳፋሪ ብድግ ብሎ ወደ መተላለፊያው ከወጣ ግን ሁለት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ እርሱ በመተላለፊያው እንደ ልቡ ይሄዳል፣ የለቀቀውን ወንበር ከኋላው ያለው ሰው ሲይዘው፣ የዚያን ደግሞ ሌላው ሲይዘው፣ ባዶው ወንበር ወደ ኋላ እየተጓዘ ይሄዳል። በሲሊኮንም ወደ ኮንዳክሽን ባንድ የወጣው ኤሌክትሮን አሉታዊ ሙል ይዞ ሲፈስ፣ በቫለንስ ባንድ የተወው ክፍት ቦታ ደግሞ አዎንታዊ ሙል እንዳለው ቅንጣት ሆኖ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዛል። የከፊል አስተላላፊ ኤሌክትሪክ የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው።

እንግዲህ አስተላላፊ፣ ኢ-አስተላላፊና ከፊል አስተላላፊ የሚለያዩት በባንዶቻቸው አሞላልና በክፍተታቸው ስፋት ነው። በመዳብ የላይኛው ባንድ የተሞላው በከፊል ስለሆነ ኤሌክትሮኑ ከፍ የሚልበት ደረጃ እዚያው አጠገቡ አለው። አልማዝ ልክ እንደ ሲሊኮን የታችኛው ባንዱ የሞላ ቢሆንም ክፍተቱ 5.5 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የሲሊኮን 1.12፣ የጀርማኒየም ደግሞ 0.67 ያህል። ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ግፊት ሲገፋ የሚያገኘው ኢነርጂ ነው። የክፍል ሙቀት ለአንድ ቅንጣት የሚያድለው ኢነርጂ 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በመሆኑ የሲሊኮን ክፍተት የዚህን ከ40 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በክፍል ሙቀት ክፍተቱን ዘልለው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 10 ቢሊዮን ያህል ብቻ። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም ለ5 ትሪሊዮን አተሞች አንድ ነፃ ኤሌክትሮን ማለት ነው፤ በመዳብ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አተም አንድ ያህል ያዋጣል።

ሙቀት ሲጨምር የሚዘልሉት ይበዛሉ፤ በሲሊኮን ውስጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር ቁጥራቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። ብረታ ብረት ሲግል የማስተላለፍ ችሎታው ሲቀንስ ከፊል አስተላላፊ በአንጻሩ የሚሻሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድ የተባለውን ውህድ ሲያሞቅ ይህንኑ ተመልክቶ በጽሑፍ አስፍሮት ነበር፤ ምክንያቱ ግን እንግሊዛዊው አለን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1931 የባንድን ጽንሰ ሐሳብ በከፊል አስተላላፊዎች ላይ ተግባራዊ እስኪያደርግ ድረስ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይገለጥ ቆየ። ፋራዴይ ያየው ይህ ጠባይ ዛሬ በመርሳ ጣሪያ ላይ ካለው ሰሌዳ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት እንዳለው ወረድ ብሎ ይታያል።

ንጹሕ ሲሊኮን ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ዋጋው የታወቀው ሆን ተብሎ፣ በተመጠነ መንገድ፣ ባዕድ አተም ሲጨመርበት ነው። ፎስፈረስ በውጪው በኩል አምስት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በሲሊኮን ክሪስታል ውስጥ የአንድን ሲሊኮን ቦታ ቢይዝ አራቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያያዙ አምስተኛው ትርፍ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ትርፍ ኤሌክትሮን ወደ ኮንዳክሽን ባንድ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ 0.045 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ የክፍሉ ሙቀት ይበቃዋል። ከሚሊዮን የሲሊኮን አተሞች አንዱ በፎስፈረስ ቢተካ የነፃ ኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ንጹሑ ሲሊኮን ከነበረው በአምስት ሚሊዮን እጥፍ ያድጋል፤ በሚሊዮን አንድ የሆነ ለውጥ የቁሱን ጠባይ ከሥሩ የሚቀይርበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቦሮን ደግሞ በውጪው በኩል ሦስት ኤሌክትሮኖች ብቻ ስላሉት ከአራቱ ትስስሮች አንዱን ሳይሞላ ይተዋል፤ በዚህም በቫለንስ ባንድ ውስጥ ክፍት ቦታ ይፈጥራል። የመጀመሪያው የኤን ዓይነት፣ ሁለተኛው የፒ ዓይነት ሲሊኮን ይባላል። ሲሊኮን በተራ አሸዋ ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ቢሆንም የሰሌዳ ሥራ ከባድና ውድ የሚሆነው፣ በሚሊዮን አንድ በሆነ መጠን የሚሠራው ቅመም ዋጋ እንዲኖረው አስቀድሞ ሌላው ባዕድ ነገር ሁሉ ከዚያ በታች እስኪወርድ ድረስ መንጠር ስላለበት ነው።

የፒ እና የኤን ዓይነቶቹ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ሲገናኙ በድንበሩ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር ይፈጸማል። በኤን በኩል የበዙት ኤሌክትሮኖች ወደ ፒ ይሻገራሉ፤ በፒ በኩል የበዙት ክፍት ቦታዎችም ወደ ኤን ይሻገራሉ፤ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ነገር ግን የፎስፈረስና የቦሮን አተሞች ከቦታቸው የማይነቃነቁ ስለሆኑ፣ ኤሌክትሮኑን የሰጠው ፎስፈረስ አዎንታዊ፣ የተቀበለው ቦሮን አሉታዊ ሙል ይዘው ይቀራሉ፤ በመካከላቸውም ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስስ ንብርብር ውስጥ ጽኑ የኤሌክትሪክ መስክ ይቆማል። ይህ መስክ ያለ ምንም ባትሪ ኤሌክትሮንን ወደ አንድ ወገን፣ ክፍት ቦታን ወደ ሌላው ወገን ይገፋል። አሜሪካዊው ራስል ኦል እ.ኤ.አ. በ1940 በቤል ቤተ ሙከራዎች አንድ የሲሊኮን ቁራጭ ብርሃን ሲያርፍበት ያልተጠበቀ ቮልቴጅ ሲሰጥ ያገኘው በእንዲህ ያለ ድንበር የተነሣ ነበር። በዚያው ተቋም ዳሪል ቻፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1954 የፀሐይ ብርሃንን 6 በመቶ ያህል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የሲሊኮን ሶላር ሴል ለሕዝብ አሳዩ፤ በየጣሪያው ያሉት ሰሌዳዎች ዛሬ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ቢደርሱም በመሠረቱ የዚያው ልጆች ናቸው።

ብርሃን ፎቶን በሚባሉ የኢነርጂ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ የቀይ ብርሃን ፎቶን 1.8 ገደማ፣ የሰማያዊው 2.7 ገደማ ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል። ሁለቱም ከሲሊኮን ክፍተት ስለሚበልጡ በሲሊኮኑ ሲዋጡ አንድ ኤሌክትሮን ከቫለንስ ባንድ ወደ ኮንዳክሽን ባንድ ያወጣሉ፤ የድንበሩ መስክም ኤሌክትሮኑንና ክፍት ቦታውን ተመልሰው ሳይገናኙ ለያይቶ ወደ ሁለቱ ፊቶች ይነዳቸዋል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ቦታው የሚመለሰው በውጪው ሽቦ፣ በባትሪው ወይም በአምፖሉ በኩል ዞሮ ነው። በጠራራ ቀትር ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሊኮን በየሰከንዱ በዚህ መንገድ የሚነዱት ኤሌክትሮኖች 2 ቁጥር ከኋላዋ 17 ዜሮዎች አስከትላ እንደምትጻፈው ያህል ናቸው።

ይሁን እንጂ ክፍተቱ የሚሰጠውን ያህል ይከለክላል። ከ1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ኢነርጂ ያለው የፀሐይ ጨረር፣ ማለትም ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ክፍል፣ ኤሌክትሮኑን ማሻገር ስለማይችል በከንቱ ያልፋል፤ ይህ ከጠቅላላው የፀሐይ ኢነርጂ አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። የሰማያዊው ፎቶን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ይዞ ይመጣል፤ ትርፉ ኤሌክትሮኑ ወደ ባንዱ ግርጌ ሲወርድ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ክፍተቱ ቢጠብ ብዙ ፎቶኖች ይሠራሉ፣ የእያንዳንዱ ፍሬ ግን ያንሳል፤ ቢሰፋ ተቃራኒው ይሆናል። ዊልያም ሾክሌይና ሃንስ ክዋይሰር እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን አስልተው አንድ ክፍተት ብቻ ያለው ሴል ከፀሐይ ኢነርጂ አንድ ሦስተኛውን ያህል እንጂ ከዚያ ብዙ ሊወስድ እንደማይችል አሳይተዋል። የሲሊኮን ክፍተት ከተመራጩ ስፋት አጠገብ መገኘቱ ለሰው ልጅ መልካም አጋጣሚ ነው።

በኢትዮጵያም በዚህ በክፍተቱ ስፋት ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ፣ በስዊድን ከነበረው አባይ ጋዲሳ ጋር፣ እንዲሁም ከሊንሾፒንግና ከቻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኦለ ኢንጋነስና ማትስ አንደርሰን ጋር በመተባበር፣ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፉ ፖሊመሮች የሚሠሩ ሶላር ሴሎችን አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራም ክፍተታቸው እንዲጠብ ተደርገው የተቀመሙ ፖሊመሮችን አቅርበዋል። በሲሊኮን ክፍተቱ ተፈጥሮ የሰጠችው ነው፤ በፖሊመር ግን ኬሚስቱ የሞለኪዩሉን አገነባብ በመለወጥ ክፍተቱን ሊያጠብና ሊያሰፋ ይችላል፤ የምርምሩ ልብም ይኸው ነበር። ፖሊመሮቹ በፀሐይና በአየር ቶሎ መበላሸታቸው ከጣሪያ ቢያርቃቸውም፣ ከአገር የወጣ እጅ በዚህ ጥልቅ ጥያቄ ላይ ማረፉ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ማታ የሚበራው ኤልኢዲ አምፖል ይኸው ሥራ ተገልብጦ ነው። በእርሱ ውስጥ ባትሪው ኤሌክትሮኖችንና ክፍት ቦታዎችን ወደ ድንበሩ ይነዳቸዋል፤ ኤሌክትሮኑ ክፍተቱን ወደ ታች ሲወርድ የክፍተቱን ያህል ኢነርጂ ያለው ፎቶን ይለቃል፤ ስለዚህ የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የክፍተቱ ስፋት ነው። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊ ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህ የሚሆነውን ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ሰፊ ክፍተት ያለው ቁስ ያለሙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በአምፖሉ ላይ የሚታየው ቢጫ ቅብ የሰማያዊውን ከፊል ወደ ቢጫ ለውጦ ከቀሪው ጋር ሲደባለቅ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ነው። አነስተኛ ሰሌዳ ለአንድ ቤት መብራት የበቃው ሰሌዳው ብቻ ስለተሻሻለ አይደለም፤ አምፖሉ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚጠይቅም ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ መመለስ ይገባል፤ የባንድ ትምህርት መርሳና ስሪንቃ ለሚገኙበት ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪ ከሁሉ ይልቅ በእጅ የሚጨበጥ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው ሰሌዳ የሚሠራው በፀሐይ ሙቀት ስለሚመስለው፣ በጋለ ቆላ የበለጠ ይሠራል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሰሌዳው የሚፈልገው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አለመሆኑ ነው። ሙቀት ሲጨምር፣ ፋራዴይ እንዳየው፣ ያለ ብርሃን ክፍተቱን የሚዘልሉ ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ፤ እነዚህ ደግሞ በድንበሩ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ፍሰት ስለሚያበዙ የሴሉ ቮልቴጅ ይወርዳል። ለሲሊኮን ሴል ይህ ቅናሽ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። በሰሌዳው ጀርባ የሚጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ እያለ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት የፀሐይ ብርሃን በሚያርፍበት ሁኔታ ነው፤ ጣሪያ ላይ በቀትር ያለ ሴል ግን ከአየሩ ሙቀት በ20 እና በ30 ዲግሪ ከፍ ሊል ይችላል። ሴሉ 60 ዲግሪ ቢደርስና ሰሌዳው በየዲግሪው 0.4 በመቶ የሚቀንስ ቢሆን፣ 100 ዋት ተብሎ የተገዛው 86 ዋት ይሰጣል።

ለባትሪ መሙያ የሚሸጡት ሰሌዳዎች ብዙዎቹ 36 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙባቸው መሆናቸውም ከዚሁ ስሌት የመጣ ነው። አንድ ሴል በሥራ ላይ 0.5 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ 36ቱ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ 12 ቮልት ለሚባል ባትሪ ይህ የበዛ ይመስላል። ነገር ግን የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሞልቶ እንዲጠግብ 14.4 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ሴሎቹ 60 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ደግሞ 36ቱ በአንድነት 2.5 ቮልት ያህል አጥተው 15.5 ላይ ይወርዳሉ፤ በሽቦው ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ትርፉ እጅግ ጠባብ ነው። 30 ሴሎች ብቻ ያሉት ሰሌዳ በጥር ጧት ሠርቶ በግንቦት ቀትር ባትሪውን ሳይሞላ ይቀራል፤ ሁልጊዜ በከፊል ተሞልቶ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ብዙ ጊዜ «ባትሪው ጥራት የለውም» ተብሎ የሚማረርበት ጥፋት ከሰሌዳው ሴል ማነስ ወይም ከመጋል የመጣ ሊሆን ይችላል።

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የምትርቀው መርሳ በ500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ወደ ጊራና ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ቆላው ይጎላል። አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚጠበቀው ልዩነት 3 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም በሰሌዳው ኃይል ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከ1 በመቶ ብዙም አያልፍም። እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰሌዳው በቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ ሲታሰርና ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ሲተውለት ያለው የሙቀት ልዩነት ግን 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በኃይል ሲሰላ 4 በመቶ ነው። ስለዚህ የመርሳ ሰው በቆላነቱ ከሚያጣው ይልቅ ማንም ሰው በአተካከል ስሕተት የሚያጣው ይበልጣል፤ ሰሌዳውን በብረት ወይም በእንጨት ደገፋ ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ ማሰር ከሞላ ጎደል ያለ ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው። ሰሌዳ የሚተክሉ ባለሙያዎች ይህን ለገዢው ሳይጠየቁ ሊነግሩት ይገባል።

አቅጣጫውም እንዲሁ በስሌት የሚወሰን ነው። ወልድያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ሰሌዳው ወደ ደቡብ 12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ቢል ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ይሠራል፤ ዝንባሌው ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲያወርደውም ይረዳል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል የምታልፍ ቢሆንም ያ ወቅት በከፊል ከደመናማው ክረምት ጋር ስለሚገጥምና ያኔ ብርሃኑ ከሰማይ ሁሉ ተበታትኖ ስለሚመጣ አቅጣጫው ብዙም አይጎዳም።

ከዚህ ይልቅ የሚጎዳው ጥላ ነው። 36ቱ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት አንድ ነው፤ አንዱ ሴል ላይ የማንጎ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ ቢያርፍ፣ በዚያ ሴል ውስጥ ክፍተቱን የሚዘልል ኤሌክትሮን ስለሚጠፋ የሌሎቹም ፍሰት እርሱ በሚፈቅደው ልክ ይገደባል። ይባስ ብሎ ሌሎቹ የሚገፉት ኃይል በተሸፈነው ሴል ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሊያቃጥለው ይችላል። በሰሌዳው ጀርባ ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ዳዮዶች የሚገኙት ለዚህ ነው፤ ዳዮድ ራሱ የፒና የኤን ድንበር ሲሆን ፍሰቱ የተሸፈነውን ወገን ትቶ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ሰሌዳው ግማሽ ኃይሉን ቢያጣም አይቃጠልም። መርሳን በመሰለ ማንጎና ፓፓያ በጓሮ በሚበቅልበት አካባቢ ሰሌዳ ከመታሰሩ በፊት የዛፎቹ ጥላ ጧትና ማታ የት እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል።

በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከደጋው እስከ ቆላው የሚደርሱ መንደሮችን በቅርብ ርቀት ያገኛል፤ የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ያለው በዚሁ በሀብሩ ነው። አንድን ዓይነት ሰሌዳ በወልድያ፣ በስሪንቃና በጊራና ጣሪያዎች ላይ፣ አንዱን ከቆርቆሮው አጣብቆ ሌላውን ከፍ አድርጎ፣ ቮልቴጁንና የጀርባውን ሙቀት ለአንድ ዓመት መመዝገብ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ለፊዚክስ ተማሪ ክፍተቱን በዓይኑ የሚያሳይ ሥራ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ የሚወጣ በመሆኑ፣ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ የሚያስብ አርሶ አደርም ከዚህ ቁጥር ተጠቃሚ ይሆናል፤ የመስኖ ውሃ በብርቱ የሚፈለገው ሰሌዳው በሚግልበት በበጋው ቀትር ነውና።

ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ከዋቱ ቀጥሎ በጀርባው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ማየት ይበቃዋል። አንደኛው የሴሎቹ ቁጥር ነው፤ ከፊት ለፊት በጣት ሊቆጠር ይችላል፤ ግማሽ ሆነው የተቆረጡ ሴሎች ባሉባቸው አዳዲስ ሰሌዳዎች ብቻ ቁጥሩ እጥፍ ስለሚሆን ለሁለት መካፈል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሽቦው ከምንም ጋር ሳይያያዝ የሚሰጠው ቮልቴጅ ሲሆን፣ ለ36 ሴሎች ከ21 እስከ 22 ይሆናል፤ በቀዝቃዛ የወልድያ ጧት ከዚህም በላይ ስለሚወጣ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ይህን የሚችል መሆን አለበት። ሦስተኛው በየዲግሪው የሚቀንሰው በመቶኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.45 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ ያነሰው ለቆላ ይመረጣል። ይህ ቁጥር ጨርሶ ያልተጻፈበት ሰሌዳ በጊራና ቀትር ምን ያህል እንደሚሰጥ ከመገዛቱ በፊት ማስላት አይቻልም።